ማሽኑ ስንት ዓመቱ ነው?

የድሮ የእንጨት ሥራ ማሽን የገዛ ሰው ፎቶ ይልክልኝና «ስንት ዓመቱ ነው?» ይለኛል። የሚፈልገው አንድ ቁጥር ነው። 1938 ብዬ ብነግረው ደስ ብሎት ይሄዳል። እኔ ግን ብዙ ጊዜ የምመልሰው «ከዚህ ዓመት ወዲህ፣ ከዚያ ዓመት በፊት» ብዬ ነው። አንዳንዱ ቅር ይለዋል። ቢሆንም የማምንበት መልስ ይሄ ስለሆነ፣ እንዴት እንደምደርስበት ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ማታ ማታ ጋራዥ ውስጥ ከአሮጌ ማሽን ጋር ነው የምውለው፣ ብል ይቀላል። ትምህርት ቤቶች የእንጨት ሥራ ክፍላቸውን ሲዘጉ፣ ወርክሾፕ ያለው ሰው ጡረታ ሲወጣ፣ እነዚህ ከባድ የካስት አይረን (ቀልጦ በቅርጽ የተቀዳ ብረት) ማሽኖች ከአዲስ ዕቃ በጣም ባነሰ ዋጋ ይሸጣሉ። ኩሽኔታቸውን ቀይሬ፣ ዝገታቸውን አጽድቼ ሥራ ላይ አውላቸዋለሁ። ዕድሜያቸውን ማወቅ ደግሞ ለጉራ ብቻ አይደለም። መለዋወጫ ሲፈለግ፣ ሽቦው ሲቀየር፣ ማሽኑ ሲሸጥ፣ ዘመኑን ማወቅ ግድ ይላል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከፓተንት ልጀምር። ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

አሜሪካ ውስጥ የተሠራ በጣም አሮጌ ማሽን ካገኛችሁ፣ ገላው ላይ ከብረቱ ጋር አብሮ የተቀዳ ጎልቶ የወጣ ጽሑፍ ታያላችሁ። ለምሳሌ «ፓተንት፣ ጁን 6፣ 1899» ይላል። ሻጩም ወዲያው «የ1899 ማሽን» ብሎ ማስታወቂያ ያወጣል። ቀኑ የሚነግረን ግን የፈጠራው መብት የተሰጠበትን ዕለት ነው። ያ ጽሑፍ ያለበት ማሽን ከዚያ ቀን በፊት ሊኖር አይችልም። ከዚያ በኋላ ግን ፋብሪካው ያንኑ ሞዴል ዓመታት ሙሉ ሲያመርት ሊኖር ይችላል። የአሜሪካ ፓተንት ከ1861 ጀምሮ እስከ 1995 የሕግ ለውጥ ድረስ ከተሰጠበት ቀን አንስቶ የሚጸናው ለ17 ዓመት ነበር። ስለዚህ የ1899ኙ ጽሑፍ እስከ 1916 ድረስ ሕጋዊ ጉልበት ነበረው። መብቱ ካለፈ በኋላም የብረት መቅጃ ቅርጹን ለመቀየር ያልቸኮለ ፋብሪካ አይጠፋም። በርካታ ቀኖች ተደርድረው ካገኛችሁ የመጨረሻውን ብቻ ያዙ። ማሽኑ ከመጨረሻው ቀን አይቀድምም።

እዚህ ላይ በጣም የምወደው ዘዴ አለ። የአሜሪካ ፓተንት ቢሮ ፓተንት የሚሰጠው ማክሰኞ ማክሰኞ ነው። ዝገትና ቀለም በልቶት ቀኑ 16 ይሁን 18 አልለይ ሲል፣ የዚያን ዓመት ካሌንደር አወጣና ማክሰኞ የሚውለውን እፈልጋለሁ። ከሁለቱ አንዱ ማክሰኞ ከሆነ ነገሩ አለቀ። ዓመቱ ራሱ ካልተነበበም ያው ነው። ጁን 6 ማክሰኞ የሚውለው በየዓመቱ ስላልሆነ ብዙ ዓመታት ከዝርዝሩ ይወጣሉ።

በ1927 ሕጉ ተለወጠ። ከዚያ በኋላ ዕቃ ላይ የሚጻፈው የፓተንቱ ቀን መሆኑ ቀርቶ ቁጥሩ ሆነ። ይሄ ለእኛ ትልቅ ውለታ ነው። ማሽኑ ላይ ያሉት ቀኖች ብቻ ከሆኑ ብዙ ጊዜ የተነደፈው ከ1927 በፊት ነው። ቁጥር ካለ ደግሞ ቁጥሩ ራሱ ዓመቱን ይናገራል። አንድ ሚሊዮነኛው ፓተንት የተሰጠው ኦገስት 1911 ነው። ሁለት ሚሊዮነኛው ኤፕሪል 1935፣ ሦስት ሚሊዮነኛው ሴፕቴምበር 1961። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ብቻ በቃል መያዝ ብዙ ያስኬዳል። በ1,750,000 አካባቢ ያለ ቁጥር የ1930 ነው። የንድፍ ፓተንቶች ግን ሌላ መዝገብ ስላላቸው ቁጥራቸው አነስተኛ ነው፤ ከእነዚህ ጋር አይቀላቀሉ።

ፓተንት የታችኛውን ድንበር ይሰጣል። የላይኛውን ድንበር ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የኩባንያው ስም ነው። ኩባንያ ይሸጣል፣ ይዋሃዳል፣ ከተማ ይቀይራል። በተቀየረ ቁጥር ደግሞ ማሽኑ ላይ የሚለጠፈው ሰሌዳ ይቀየራል።

ዴልታን እንውሰድ፤ አሜሪካ ውስጥ ከማንም በላይ እጃችሁ የሚገባው የዴልታ ማሽን ነው። ኸርበርት ታውትዝ የሚባል ሰው በ1919 ሚልዋኪ ከተማ ውስጥ ዴልታ ስፔሻልቲ ብሎ ጀመረው። ቆይቶ ስሙ ዴልታ ማኑፋክቸሪንግ ሆነ። በ1945 ሮክዌል ገዛው። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ ሮክዌል የሚል ስም ካለ ከ1945 አይቀድምም። በ1973 ደግሞ እናትየው ኩባንያ ሮክዌል ኢንተርናሽናል ተባለች። «ኢንተርናሽናል» የምትለዋን አንዲት ቃል ማየት ብቻ ማሽኑን ከ1973 ወዲህ ያመጣዋል። በ1984 ፔንቴር ገዛው፣ በ2004 ብላክ ኤንድ ዴከር፣ በ2011 ቻንግ ታይፕ የሚባል የታይዋን ኩባንያ። እያንዳንዱ ሽያጭ ለኛ አንድ ድንበር ነው።

ዲዎልትም እንደዚያው። ሬይመንድ ዲዎልት በላይ በኩል በክንድ ላይ የሚሄደውን መጋዝ በ1922 ፈጠረ፤ ኩባንያውን በ1924 አቋቋመ። በ1949 ኤኤምኤፍ የሚባል ኩባንያ ገዛው፣ በ1960 ብላክ ኤንድ ዴከር። ሰሌዳው ላይ ኤኤምኤፍ የሚል ካለ፣ ሌላ ምንም ሳትመረምሩ አሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ገብታችኋል። ለእንዲህ ዓይነት ሥራ አሥራ አንድ ዓመት ጠባብ ነው።

ስም አሳሳች የሚሆንበትም ጊዜ አለ። «በርሊን ማሽን ወርክስ» የሚል ግዙፍ መላጊያ ያየ ሰው የጀርመን ዕቃ ይመስለዋል። ማሽኑ ግን የአሜሪካ ነው። ኩባንያው የተጀመረው ዊስኮንሲን ውስጥ በርሊን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው፤ ኋላ ወደ ቤሎይት ተዛወረ። ስሙ በ1910ዎቹ ውስጥ ፒ ቢ ዬትስ ሆነ፣ በ1920ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ዬትስ አሜሪካን። ስለዚህ በርሊን የሚለው ስም አገሩን ባይናገርም ዘመኑን በደንብ ይናገራል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ፋብሪካ በተሸጠ ማግስት አሮጌው ሰሌዳ አይጣልም። መጋዘን ውስጥ ያለው እስኪያልቅ ይለጠፋል። ስለዚህ በሽያጭ ዓመት ላይ ጥቂት ወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ማላላት ያስፈልጋል።

አድራሻም ይረዳል። የአሜሪካ ፖስታ ቤት በ1943 ትልልቆቹን ከተሞች በቁጥር ከፋፈላቸው። «ሚልዋኪ 1፣ ዊስኮንሲን» ዓይነት አጻጻፍ የመጣው ያኔ ነው። በጁላይ 1963 ይሄ ቀርቶ ዚፕ ኮድ በሚባለው ባለ አምስት አሃዝ የፖስታ ቁጥር ተተካ። ከከተማው ስም ኋላ አንድ ወይም ሁለት አሃዝ ብቻ ካለ፣ ያ ጽሑፍ የተዘጋጀው በእነዚያ ሃያ ዓመታት ውስጥ ነው ማለት ነው። ይሄ ሰሌዳ ላይ ብቻ አይደለም የሚሠራው። ለማሽኑ መመሪያ፣ ለካታሎግ፣ ለሻጩ ተለጣፊ ወረቀት ሁሉ ይሠራል።

አሁን አንዱን ማሽን ቀረብ ብለን እንየው።

አንድ ባለ 8 ኢንች የዴልታ መላጊያ ማሽን አለኝ። የእንጨት ሥራ ክፍሉን ከዘጋ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወጣ ነው። ስገዛው በቀለም ላይ ቀለም ተደርቦበት ነበር። ከላይ ሰማያዊ፣ ከሥር አረንጓዴ፣ ከዚያ በታች የፋብሪካው ግራጫ። የፊት ሰሌዳው በሦስቱም ተሸፍኖ ፊደሉ አይታይም። ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ጋሼ አሉ፤ አዲስ አበባ ውስጥ እንጨት ሥራ ላይ ኖረው አሁን ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ። ሊያዩት መጡ። እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳለፉት፣ ቢላዋ የታሰረበትን ከበሮ በጣታቸው ቀስ አድርገው አዞሩት።

«እስቲ ሰሌዳውን ተወውና ሆዱን ክፈተው» አሉኝ። «ሰው ሁሉ የሚቀባው ውጪውን ነው። ሆዱን የሚነካው የለም።»

«ሞተሩን ነው የሚሉት ጋሼ?»

«ሞተሩንም፣ መቆሚያውንም። ቺንጋው ያለበትን ክፈትልኝ።»

ከፈትነው። የእንጨት ብናኙ ጠጥሮ እንደ ካርቶን ሆኗል። በቡሩሽ ስናወጣው ከሥሩ በቅባት የወየበ የማሽኑ መመሪያ ወረቀት ተገኘ። ጀርባው ላይ «ዴልታ ፓወር ቱል ዲቪዥን፣ ሮክዌል ማኑፋክቸሪንግ ካምፓኒ፣ ፒትስበርግ 8፣ ፔንሲልቬንያ» ይላል። ሮክዌል ስላለ ከ1945 ወዲህ ነው። ከፒትስበርግ ኋላ 8 ስላለ ደግሞ ወረቀቱ ከዚፕ ኮድ በፊት የተዘጋጀ ነው።

ቀጥሎ ሞተሩ። ብዙ ሰው የሞተር ሰሌዳ ላይ የፈረስ ጉልበቱንና ቮልቱን አይቶ ያልፋል። እኔ መጀመሪያ የማየው የፍሬም ቁጥሩን ነው። አሜሪካ ውስጥ ኔማ የሚባለው የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራቾች ማኅበር የሞተሮችን መጠን ደረጃ አውጥቶላቸዋል። ደረጃው በ1952 ተቀየረ፣ በ1964 እንደገና ተቀየረ። 204፣ 224፣ 225 ዓይነት ቁጥር ካለ ከ1952 በፊት የነበረው ደረጃ ነው። 182 ወይም 184 ሆኖ ከኋላው «ቲ» የሚል ፊደል ከሌለ በሁለቱ ለውጦች መሃል ነው። «ቲ» ካለው ከ1964 ወዲህ ነው። የኔው 182 ይላል፤ «ቲ» የለውም።

ነገር ግን ሞተር ይቀየራል። ስለዚህ «ሞተሩ ከማሽኑ ጋር ነው የተወለደው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጋሼ ባትሪ ይዘው ጎንበስ አሉና የታሰረበትን ቦታ አዩ። የተበሳው አራት ቀዳዳ ብቻ ነው፤ በኋላ የተጨመረ የለም። ብሎኖቹን ስንፈታ በእግሮቹ ሥር የወጣው ንጹሕ ግራጫ ቀለም ከእግሮቹ ቅርጽ ጋር ልክ ገጠመ። ቺንጋው የሚዞርበት ጎማ፣ ፑሌጃውም ቢሆን ከቺንጋው ጋር አብሮ ያለቀ ነው። ሞተሩ የማሽኑ ነው።

ከሁሉ ያስደሰተኝ ግን የቺንጋው መከለያ ነው። በውስጠኛው በኩል አንድ ሰው በእርሳስ «አዲስ ቺንጋ፣ 3/61» ብሎ ጽፏል። የትምህርት ቤቱ መምህር ይሁን ጠጋኝ ስሙን አልተወም። ያቺ እርሳስ ግን የላይኛውን ድንበር ከ1963 ወደ ማርች 1961 አወረደችው። እንግዲህ ማሽኑ ከ1952 እስከ 1961 መጀመሪያ ባለው ጊዜ የተሠራ ነው። ቺንጋ እስኪያልቅ የተወሰነ ዓመት ይፈጃልና በ1950ዎቹ አጋማሽ ይመስለኛል። እዚህ ላይ «ይመስለኛል» የምትለዋን ቃል አልጥላትም። ድንበሮቹ በማስረጃ የተገኙ ናቸው፤ አጋማሹ ግን የኔ ግምት ነው።

ኩሽኔታዎቹን ስናወጣ የጃፓን ሆነው ተገኙ፣ በሁለቱም ጎን የታሸጉ። ጋሼ አገላብጠው አዩና «እነዚህማ እንግዶች ናቸው» አሉ። ልክ ናቸው። በኋላ የገቡ ስለሆኑ ከቆጠራው አስወጣኋቸው። እንዲህ ያለ ማሽን ላይ እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ዕድሜ አለው። አዲስ ዕቃ ማሽኑን አዲስ አያደርገውም። የማሽኑን ዕድሜ የሚወስነው ሊቀየር የማይችለው ነው፤ ገላው።

ገላው ላይ የሚገኘው ቁጥር ግን ሌላ ወጥመድ ነው። ካስት አይረኑ ላይ ጎልተው የወጡ ፊደልና ቁጥሮች ብዙ ጊዜ የዕቃው መለያ ናቸው። ዴልታ ለመሰርሰሪያ ማሽኖቹ «ዲፒ» ብሎ ጀምሮ ቁጥር ያስከትል ነበር። ያ ቁጥር በሺህ ማሽን ላይ አንድ ዓይነት ነው። ሲሪያል ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በምት የተመታ ነው፤ ወይ ሰሌዳው ላይ፣ ወይ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ወደ ውስጥ የገባ። ጎልቶ የወጣው የሁሉም ነው፤ ወደ ውስጥ የተመታው የዚያ ማሽን ብቻ ነው።

ሰሌዳም፣ ወረቀትም፣ ፓተንትም ከሌለ የሚቀረው አሠራሩ ነው። እዚህ ዓመት ሳይሆን ዘመን ነው የምናገኘው። ዘንጉ የሚዞረው በኩሽኔታ ሳይሆን በቀለጠ ነጭ ብረት ላይ ከሆነ፣ ማለትም ቆርቆሮ፣ መዳብና አንቲሞኒ ተደባልቆ በተፈሰሰበት መቀመጫ ላይ፣ ብዙ ጊዜ የ1920ዎቹ ወይም ከዚያ የቀደመ ነው። የስዊድኑ ኩሽኔታ አምራች ኤስኬኤፍ የተቋቋመው በ1907 ነው፤ ኩሽኔታ በየማሽኑ የገባው ከዚያ ወዲህ ባሉት አሥርት ዓመታት ቀስ በቀስ ነው። ሰፊ ጠፍጣፋ ፑሌጃ ካለው ብዙ ጊዜ ከጣሪያ ላይ ከሚዞር የጋራ ዘንግ ኃይል የሚወስድ ነበር ማለት ነው። ባለ ሽብልቅ ቅርጹን ቺንጋ ጆን ጌትስ ዴንቨር ላይ የሠራው በ1917 ነው፤ ፑሌጃው ለሱ ተብሎ ከተቀዳ ከዚያ አይቀድምም።

መላጊያ ማሽን ከሆነ ከበሮውን እዩ። የጥንቶቹ አራት ማዕዘን ነበሩ። በጠረጴዛውና በከበሮው መሃል ሰፊ ክፍተት ስለሚተው እጅ ወደ ውስጥ ይስቡ ነበር። ብዙ ሠራተኛ ጣቱን አጥቶባቸዋል። እንግሊዝ በ1922 ባወጣችው ደንብ እንጨት በእጅ የሚገፋባቸው መላጊያዎች ክብ ከበሮ እንዲኖራቸው አስገደደች። አራት ማዕዘን ከበሮ ያለው ማሽን እጃችሁ ከገባ በኩራት አስቀምጡት እንጂ አትሥሩበት። ይሄን ለማንም ሰው በግልጽ እናገራለሁ።

ብሎንም ቢሆን ይመሰክራል። ባለ መስቀል ራሱ ፊሊፕስ ብሎን ገበያ የገባው በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው፤ የካዲላክ መኪና በ1936 ተጠቀመበት። የ1920 ነው የተባለ ማሽን ላይ ሁሉም ብሎን ባለ መስቀል ከሆነ፣ ወይ ማሽኑ የ1920 አይደለም፣ ወይ አንድ ሰው ካቻቢቴ ይዞ ብዙ ደክሞበታል።

የኤሌክትሪክ ሰሌዳው ላይ «ሳይክል» ወይስ «ኸርዝ» እንደሚልም አያለሁ፤ ሁለቱም የኤሌክትሪኩን ድግግሞሽ በሰከንድ የሚለኩ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ኸርዝ የሚለው የተለመደው ከ1960ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው። 25 ሳይክል የሚል ሞተር ካያችሁ ደግሞ ዕድሜውን ብቻ ሳይሆን አገሩንም ትገምታላችሁ። በናያጋራ ፏፏቴ ዙሪያና በካናዳ ኦንታሪዮ ብዙ ቦታ ኃይሉ 25 ሳይክል ነበር። ኦንታሪዮ ወደ 60 የቀየረችው ከ1949 እስከ 1959 ባሉት ዓመታት ነው።

እስካሁን ያልኩት በብዛት የአሜሪካ ነው። አገር ቤት ያላችሁ አንባቢዎች እጅ የሚገባው ግን አውሮፓ የተሠራው ነው፤ ለ50 ኸርዝና ለ380 ቮልት የተሠራ። ለእናንተ ሥራው ይቀላል። የአውሮፓ ፋብሪካዎች ዓመቱን ሰሌዳው ላይ ይመቱ የነበሩት ብዙ ናቸው። የጣሊያን ማሽን ላይ «ማትሪኮላ» ከሚለው አጠገብ ያለው ሲሪያል ቁጥሩ ነው፤ «አኖ» ከሚለው አጠገብ ያለው ዓመቱ። የጀርመኑ «ባውያር» ይላል። ከ1995 ወዲህ ደግሞ የአውሮፓን «ሲኢ» ምልክት የያዘ ማሽን የተሠራበትን ዓመት የመጻፍ ግዴታ አለበት። ዓመቱ ከጠፋ የአገሩን ስም አንብቡ። ምዕራብ ጀርመን ወይም ዲዲአር (ምሥራቅ ጀርመን) የሚል ከ1949 እስከ 1990 ነው። ቼኮዝሎቫኪያ የሚል ከ1992 አያልፍም።

ጋሼ ወጣት ሳሉ የሠሩበት ቤት መጋዙም፣ መላጊያውም፣ መቦርቦሪያውም በአንድ ገላ ላይ ያለ የጣሊያን ማሽን እንደነበረው ነገሩኝ። ሰሌዳው የት እንደነበር እንኳ ያስታውሳሉ። ዓመቱን ግን አያስታውሱም፤ አሠሪያቸው ማሽኑን ባስቀቡ ቁጥር ሰሌዳውም አብሮ ይቀባ ነበር።

የምለምነውም ይሄንኑ ነው። ማሽን ስታድሱ ሰሌዳውን አታሹት፣ አትቀቡት። በአሸዋ ወረቀት አንድ ጊዜ ከተነካ በምት የተመታው ቁጥር ለዘለዓለም ይጠፋል። ቀለም ከለበሰ በልስልስ ጨርቅና በቀለም ማስለቀቂያ ቀስ ብላችሁ አውጡት፤ የብረት ቡሩሽ አይንካው። የዴልታዬን ሰሌዳ እንዲያ አድርጌ ነው ያወጣሁት፤ ሲሪያል ቁጥሩ አሁን ይነበባል። ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። የሞተሩን ሰሌዳ፣ የኩሽኔታውን ጽሑፍ፣ የመከለያውን ውስጥ፣ ተለጣፊ ወረቀቱን። የትምህርት ቤትና የመሥሪያ ቤት ንብረት ቁጥር የተለጠፈበት ካለ እሱንም አንሱት። አሮጌ መዝገብ አውጥቶ የሚያይ ደግ ሰው አንዳንዴ ይገኛል።

እኔ የደረስኩበትን በካርድ ላይ እጽፋለሁ። በአንድ በኩል ድንበሮቹን፣ በሌላ በኩል ማስረጃዎቹን። ካርዱን ፕላስቲክ ውስጥ ከትቼ ቺንጋው መከለያ ውስጥ፣ ከዚያ የእርሳስ ጽሑፍ አጠገብ አስሬዋለሁ። መከለያውን ስቀባም ያቺን የእርሳስ ጽሑፍ ሳልነካ ዙሪያዋን ነው የቀባሁት። አሁን ጋራዡ ጥግ ላይ ሰሌዳ የሌለው አንድ ባንድ ሶው (ምላጩ እንደ ቀበቶ የሚዞር መጋዝ) ቆሟል። ያለኝ ማስረጃ ባለ ሽብልቅ ቺንጋ ፑሌጃና ባለ 225 ፍሬም ሞተር ብቻ ነው። ፑሌጃው ከ1917 ወዲህ ይላል፤ ሞተሩ የማሽኑ ከሆነ ከ1952 በፊት ነው። የሞተሩን ብሎኖች የምፈታው በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው፤ ጋሼም ባትሪያቸውን ይዘው እመጣለሁ ብለውኛል።